ወደ ላይ ያለፈ ሁሉ

ሥራዬን ለሰው ስናገር ሰው ይስቃል። ዓሣ እቆጥራለሁ። ገበያ ላይ አይደለም፣ በመረብም አይደለም። ከግድቡ ሥር አሥራ ሰባት ደረጃ ወርጄ፣ ከወንዙ ውሃ በታች ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በመስታወት እያየሁ ነው የምቆጥረው። ዓሦቹ እንቁላላቸውን ለመጣል ከታችኛው ትልቅ ውሃ ተነስተው ወንዙን ሽቅብ ይወጣሉ። ግድቡን መዝለል ስለማይችሉ በጎኑ ውሃ የሚፈስበት መወጣጫ ተሠርቶላቸዋል፤ የመወጣጫው ጫፍ በእኔ መስታወት ፊት ያልፋል። አንድ ዓሣ ሲያልፍ በእጄ የያዝኳትን ትንሽ ቆጣሪ በአውራ ጣቴ እጫናለሁ፣ ቀጭ ትላለች። ሥራዬ ይኸው ነው። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ከመሄዳችሁ በፊት ትቆጥራችኋለች» እያለች ታሾፍብኛለች።

ወንበሩ የአባቴ ነበር። አባዬ እዚያ ወንበር ላይ ሃያ ሰባት ዓመት ተቀምጦ ጥርሱን ነቅሎበታል። ከአራት ዓመት በፊት ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው ነው ቆጣሪዋን ያስረከበኝ። ሲያስረክበኝ ያስተማረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወደ ላይ ያለፈ ሁሉ አንድ ነው። አትመራመሪ፣ አታማርጪ፣ ያለፈውን ተጫኚ። ወደ ታች የሚመለሱት በእኛ መስታወት አያልፉም፤ በግድቡ አናት ከሚፈሰው ውሃ ጋር ይወርዳሉ፣ ማንም አያያቸውም። ቅጻችንም ያለው አንድ ዓምድ ነው፣ «ወደ ላይ» የሚል። ማታ ቤት ስገባ አባዬ ገና በሩ ሲንቀሳቀስ «ዛሬ ስንት?» ይለኛል። ቁጥሩን ስነግረው ደስ ብሎት ወንበሩ ላይ ይመቻቻል።

ከግድቡ በላይ፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ረግረጉ አለ። ድሮ ሸምበቆው ሰው ይውጥ ነበር፣ ውሃው ለብ ያለና ከጉልበት የማያልፍ ነበር። ከከተማው በፊት ነበረ፤ ከከተማው በፊት ከነበሩት ሰዎችም በፊት ነበረ። ዓሦቹ ያን ሁሉ መንገድ የሚደክሙት እዚያ ገብተው በሸምበቆው ሥር እንቁላላቸውን ለመጣል ነው። ከስድስት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤታችን በረግረጉ አፍ ላይ የብረት በር ገጥሞ ዘጋው፤ መሬቱ ደርቆ ለግንባታ እንዲውል ተፈልጎ ነበር። ሰው ሲጮህ ጊዜ ነገሩ «ለሙከራ ነው» ተባለ። የዓሣው ቁጥር ከቀነሰ በሩ ይከፈታል፤ ካልቀነሰ በስድስተኛው ዓመት በኮንክሪት ይደፈናል። ቁጥሩን የሚሰጡት ደግሞ መጀመሪያ አባዬ፣ ቀጥሎ እኔ ነበርን።

ቁጥሩ አልቀነሰም፣ እንዲያውም ጨመረ። ድሮ በአንድ ወቅት ሦስት ሺህ ገደማ ያልፍ ነበር፤ አራት ሺህ ሆነ፣ ከዚያ አምስት ሺህ፣ አምና ወደ ስድስት ሺህ ተጠጋ። አባዬ ጡረታ ሲወጣ የምስክር ወረቀት በመስታወት አስለብጠው ሰጡት፣ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። ዓሦቹም በመጠን አደጉ። ትንንሾቹ እየጠፉ ሄደው የሚያልፉት ሁሉ ክንድ የሚያህሉ ሆኑ። «ዓሦቹ ገዝፈዋል» ብዬ በሪፖርት የጻፍኩት እኔው ነኝ። ያን ዓረፍተ ነገር ባሰብኩት ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመኛለሁ።

ዘንድሮ ወቅቱ ከገባ በሠላሳ ሁለት ቀን ውስጥ አራት ሺህ አንድ መቶ ቆጥሬያለሁ። ከላይ ባለው መንገድ ጠጠር የጫኑ መኪኖች ወደ ረግረጉ መመላለስ ጀምረው ነበር። አንዱ ባለፈ ቁጥር ክፍሌ ትንቀጠቀጣለች፣ የጣሪያው አምፖል ይወዛወዛል፣ መስታወቱ ላይ ያለው ውሃ ይርገበገባል። ውሳኔ የሚሰጥበት ስብሰባ አሥር ቀን ሲቀረው አንድ ነገር አየሁ።

ያየኋት ዓሣ ጅራቷ ከላይ በኩል የተቆረጠ ነበረች። መጀመሪያ ያየኋት ማክሰኞ ነው፤ ተጫንኩ። ረቡዕ ጅራቷ እንደዚያው የተቆረጠ ሌላ ዓሣ አለፈች። እህቷ ትሆናለች ብዬ ለራሴ ቀለድኩና ተጫንኩ። ሐሙስ ሁለት ጊዜ አለፈች። ሁለተኛው ላይ ቀልዱ አለቀብኝ። አርብ ጠዋት ስትመጣ ከወንበሬ ተነስቼ መስታወቱ ላይ ተለጠፍኩ። እሷው ናት። አፍንጫዋ ተልጦ ነጭ ሥጋ ወጥቶበታል። መስታወቱ ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆመች፣ ውሃውን በክንፏ እየገፋች፣ በአንድ ዓይኗ ወደ እኔ በኩል እያየች።  ጣቴ ግን የለመደውን አይተውም፣ ተጫነ። ቆራጣዋ ብቻዋን በአራት ቀን አምስት ዓሣ ሆናለች።

የዚያን ቀን ሌሎቹን በደንብ አየኋቸው። ከንፈሩ ላይ አሮጌ መንጠቆ የተሰካበት አለ፤ ጠዋት አለፈ፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ አለፈ። ግንባሯ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያላት አለች፤ እሷም እንዲሁ። ሁሉም አፍንጫቸው ተልጧል። ማታ አባዬ «ዛሬ ስንት?» ሲለኝ መቶ ሠላሳ አንድ አልኩት።

ቅዳሜ ጋሽ ቡሎንን ፈልጌ አገኘሁት። ጋሽ ቡሎን የግድቡን በሮች ግራሶ የሚቀባው መካኒክ ነው፤ ስሙ ከጠፋ ቆይቷል፣ ሚስቱም ቡሎን ነው የምትለው። ዓሦቹ ከእኔ መስታወት በኋላ የት እንደሚደርሱ ጠየቅኩት። አጠያየቄ አስገርሞት ሲያየኝ ቆየና ነይ ብሎኝ ወደ ላይ ሄድን።

የረግረጉ በር ጋ ደረስን። በሩ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው። ከታች ግን፣ ውሃው በሚነካው በኩል፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ክንድ ያህል ስፋት ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ይብለጨለጫል። ማን ፋቀው ልለው ስል ድምፁን ሰማሁ። ዱብ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዱብ። ከውሃው ሥር ነው የሚመጣው፣ ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል።

«እነሱ ናቸው» አለ ጋሽ ቡሎን። «ስድስት ዓመት ሙሉ ያንኳኳሉ። ሲደክማቸው ውሃው ይወስዳቸዋል፣ ግድቡ ላይ ተንሸራተው ይወርዳሉ፣ ደግሞ ይመጣሉ። የምታውቂው መስሎኝ ነበር።»

ከበሩ ማዶ ሸምበቆው ዓይን እስከሚያይ ድረስ ቆሞ ደርቋል። ነፋስ ሲመጣ ይንኮሻኮሻል። በሩን አሁን መክፈት ይቻል እንደሆነ ስጠይቀው መዘውሩ ተነቅሎ መጋዘን ገብቷል፣ የመጋዘኑ ቁልፍ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ኪስ ነው አለኝ። ስንመለስ መንገድ ላይ ያ ሁሉ የአራት ዓመት ሥራዬ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ መሆኑ ገባኝ። ከእኔ ይልቅ ግን የታሰበኝ አባዬ ነው። በሩ ሲዘጋ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የቆጠረው እሱ ነው፤ «ጨምሯል» ብሎ መጀመሪያ የፈረመው እሱ ነው። እውነቱን ብናገር የአባቴን ስም አፈር አበላዋለሁ፣ ዝም ብል ደግሞ በሩ ይደፈናል።

እሑድ ጠዋት ነገርኩት። ፊቱ ቅጭም አለ። እሱ ሲቆጥር እኔ ገና በእግሬ እንዳልቆምኩ አስታወሰኝ፣ መስታወቱ ስላረጀ ዓይኔን አታልሎኝ እንደሚሆን ነገረኝ፣ አንድ ዓሣ ከሌላው መለየት የሚችል ሰው ገና አልተወለደም አለ። እኔም ቁጡ ነኝ፣ የወጣልኝ ከእሱ ነው። የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳው አንስቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩና የበሩን ብረት ሄደህ ዳስሰው አልኩት። እህቴ የስፌት ማሽኗን አቁማ ሁለታችንንም ታየናለች። በኋላ እንዲህ በማለቴ ተጸጸትኩ፣ ያን ጊዜ ግን አልተጸጸትኩም።

አባዬ የምስክር ወረቀቱን መስታወት በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ሥራ የጀመረ ሰሞን ወደ ታች የሚወርዱትስ ብሎ ጠይቆ እንደነበር አወራኝ። የያኔው አለቃ የሚወርደው እንቁላሉን የጣለ ነው፣ ጉዳዩን ጨርሷል፣ አያገባንም ብሎት ነበር። ያኔ እውነት ነበር። ዓሦቹ አንዴ ይወጡ ነበር፣ ወቅቱ ሲያልቅ አንዴ ይወርዱ ነበር። በሩ ሲዘጋ አቆጣጠሩን መለወጥ ማንም አላሰበም፤ እሱም አላሰበም።

«ክር አለሽ?» አላት እህቴን። «ቀይ፣ የማይለቅ።»

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሆነን ጀመርን። ከመስታወቱ በፊት ዓሦቹ አረፍ የሚሉባት ገንዳ አለች፤ ጋሽ ቡሎን አፏን በሳንቃ ይዘጋና በመረብ አንድ አንድ ያወጣልኛል፣ እኔ በርጥብ ጨርቅ እይዛለሁ፣ አባዬ የጀርባ ክንፏ ጫፍ ላይ በመርፌ ክር አሳልፎ ይቋጥራል። ዓይኑ ባያይም ጣቱ ያያል። ከአንድ ደቂቃ በላይ አንዷንም ከውሃ ውጪ አላቆየንም። ሃያ ሰባት ዓመት በመስታወት ሲያያቸው ኖሮ፣ ለካ አንድም ቀን ነክቷቸው አያውቅም። የመጀመሪያዋን ከማሰሩ በፊት በጣቱ ፈተሻት። ሆዷን ዳሰሰ፣ በእንቁላል ተወጥሯል። ጎኗን ዳሰሰ፣ አጥንቷ ይቆጠራል። ከዚያ ጣቱን ወደ ራሷ ወሰደ።

«ይህቺማ አፍንጫ የላትም» አለ።

የዚያን ቀን ሰማንያ ስምንት አሰርን። ማክሰኞ ክር የሌላቸው ሠላሳ አንድ መጡ፣ እነሱንም አሰርን። ረቡዕ ሰባት፣ ሐሙስ ሁለት። አርብ መረቡን አዘጋጅተን ከጠዋት እስከ ማታ ጠበቅን። በመስታወቱ ፊት መቶ ሠላሳ ሰባት ጊዜ ዓሣ አለፈ። መቶ ሠላሳ ሰባቱም ቀይ ክር ነበራቸው።

ስለዚህ ወንዙ ውስጥ ያለው ይኸው ነው፤ መቶ ሃያ ስምንት። ሁሉም ያረጁ ናቸው። ገዝፈዋል ብዬ የጻፍኩላቸው ልጅ ሳይወልዱ ስድስት ዓመት ያረጁ ዓሦች ናቸው። ትንንሾቹ የጠፉት የትም ሄደው አይደለም፣ ስላልተወለዱ ነው። ጋሽ ቡሎን መረቡን አጣጥፎ ሲጨርስ ሲጋራውን ለኮሰና እንዲህ ያለ ነገር በመቃብር ቦታ እንኳን አይሰማም አለ። አባዬ ቤት ስንገባ እህቴን ወረቀት አስመጣትና ለስብሰባው የሚቀርበውን ራሴ ካልጻፍኩ አለ። ሲጽፍ ፊደሉ መዳፍ መዳፍ ያህላል፣ መስመሩ ወደ ታች ይሸሻል፤ እህቴ ላስተካክልልህ ብትለው ተዪው አላት።

ስብሰባው ሰኞ አራት ሰዓት ነበር። ረጅም ጠረጴዛ፣ በየሰው ፊት የታሸገ ውሃ፣ ግድግዳው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሽቅብ የሚወጣ ሰማያዊ መስመር። መስመሩን አወቅኩት፣ የእኔና የአባዬ ነው። ኃላፊው ወጣት ነው፣ ሰው የሚያከብር፤ አባዬን ከመቀመጫው ተነስቶ ክንዱን ይዞ አስቀመጠው። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ተራችን ሲደርስ አባዬ ቆመ። ወረቀቱን በእጁ ይዞታል እንጂ አያነበውም፣ በቃሉ ነው የሚናገረው።

«ሃያ ሰባት ዓመት የቆጠርኩት እኔ ነኝ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመት ተሳስቻለሁ። ስህተቴን ለልጄ አወረስኳት። ወንዙ ውስጥ ስድስት ሺህ ዓሣ የለም። ያለው መቶ ሃያ ስምንት ነው፣ እሱም በሩን እያንኳኳ ነው። ክፈቱለት።»

 ጠርሙስ የከፈተ አንድ ሰው ሳይጠጣ መልሶ ዘጋው። ኃላፊው እርግጠኛ መሆናችንን ጠየቀ፤ ክሩን እንዴት እንዳሰርን፣ በየቀኑ ስንት አዲስ እንዳገኘን፣ አርብ ዕለት አንድም እንዳላገኘን አስረዳሁ። ሁሉንም በጥንቃቄ ጻፈ። ያመነን መሆኑ ፊቱ ላይ ይታያል። አባዬ መልሶ ተቀምጧል፤ እጁን በጠረጴዛው ሥር ያዝኩት። ከዚያ ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«አባታችን፣ ስለ ሐቀኝነትዎ እናመሰግናለን። ግን ነገሩን በእኔ ቦታ ሆነው ይዩልኝ። ስድስት ሺህ ናቸው ስትሉን፣ ረግረጉ ሳያስፈልጋቸውም ተርፈዋል አልን። አሁን መቶ ሃያ ስምንት ናቸው ካላችሁ፣ ለመቶ ሃያ ስምንት ዓሣ ይህን ሁሉ መሬት ልቀቁ ብዬ የበላዮቼን በምን አፌ ልጠይቅ?»

አንዷ እናት በሆዷ ስንት ሺህ እንቁላል እንደያዘች ተናገርኩ። ለአንድ ሳምንት ብቻ፣ እንቁላላቸውን ጥለው እስኪወጡ ብቻ ይከፈት ብዬ ለመንኩ። ድምፄ ተሰነጠቀብኝ፣ አፈርኩም፣ ግን አላቆምኩም። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝና ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ለሚመጣው ዓመት ወቅት አጀንዳ ሆኖ ይያዝ አለ። ጸሐፊዋ ጻፈች። ቀጥሎ ኮንክሪቱ ሐሙስ እንደሚፈስ ተነገረና ወደ ሌላ ጉዳይ ታለፈ። እኔ የአባቴን ስም ወይም በሩን ነው የማጣው ብዬ ነበር፣ ሁለቱንም አጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት አባዬ ካልሄድኩ አለ። እየከለከልኩት ጫማውን አደረገ። አሥራ ሰባቱን ደረጃ ግድግዳውን እየዳበሰ ወረደ፣ የድሮ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ እኔ ከጎኑ ቆምኩ። ሦስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው መኪና አለፈ። ጠጠር ከጫኑት ይከብዳል፤ ሆዱ እየተሽከረከረ ነው የሚሄደው፣ ድምፁ በግድግዳው ውስጥ ያልፋል። አምፖሉ ተወዛወዘ፣ ከጣሪያው ትንሽ አሸዋ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። ከኋላው ሁለተኛው መጣ፣ ከዚያም ሦስተኛው።

ዓሦቹ መምጣት ጀመሩ። ከአፍ ልማድ ይሁን ከሌላ፣ «መጣች» እለዋለሁ።

«አዲስ ናት?» ይለኛል።

«ክር አላት አባዬ።»

«ተያት እንግዲያ።»

እንዲህ ስንል ዋልን። ባለ መንጠቆው አለፈ። ባለ ነጠብጣቧ አለፈች። ከሰዓት በኋላ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ቆራጣዋ መጣች። ክሯ በውሃው ውስጥ ከኋላዋ ይውለበለባል። እንደ ልማዷ መስታወቱ ጋ ትንሽ ቆመች። ሆዷ እንደተወጠረ ነው። ከላይ መኪናው ሲያልፍ ውሃው ተርገበገበ፣ እሷም ደንግጣ ወደፊት ተስፈነጠረች፣ ወደ በሩ አቅጣጫ። አሁን ከብረቱ ኋላ ሌላ ነገር እንዳለ ልነግራት አልችልም። ማልቀሴን አባዬ እንዳይሰማ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሥራ መውጫ ሲደርስ ቅጹን አወጣሁ። ቀኑን ጻፍኩ፣ የውሃውን ሙቀት ጻፍኩ። «ወደ ላይ» በሚለው ዓምድ ውስጥ ዜሮ ጻፍኩና ፈረምኩ። ዜሮ የተጻፈበት ቅጽ በዚያ ክፍል ታሪክ የመጀመሪያው ነው። አባዬ የት ጋ እንደፈረምኩ ጠየቀኝ፤ ጣቱን ወስጄ አሳየሁት፣ ከፊርማዬ ሥር የእሱን ፈረመ። ቆጣሪዋ ጠዋት ካስቀመጥኳት ቦታ አልተነሳችም።

መብራቱን አጥፍተን ደረጃውን መውጣት ጀመርን። እኔ ከኋላ ሆኜ ወገቡን ይዤዋለሁ። መሐል ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ሊሰበስብ ቆመና፣ ሃያ ሰባት ዓመት የቆጠረ አፍ ዝም ማለት ስለማይችል መሰለኝ፣ ሳያስበው ጠየቀኝ።

«ዛሬ ስንት?»

«ምንም» አልኩት።

ከላይ የመጨረሻው መኪና ባዶውን ሲመለስ ይሰማል። አባዬ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አንድ የረሳውን ነገር እንደሚያስታውስ ሰው ትንሽ ቆየ።

«ልክ ነው» አለ፣ መውጣቱንም ቀጠለ።